ሰው ሠራሽ አስተውሎትና የጀማሪው እንጀራ

ከኪንዶ ዲዳዬ ወረዳ ከተማ ከሃላሌ ልጃቸውን ወደ ወላይታ ሶዶ ዩኒቨርሲቲ የኮምፒዩተር ትምህርት ይማር ዘንድ የላኩ ወላጆች፤ «ልጃችን ተምሮ በወጣ ጊዜ ሥራውን መኪና ቀድሞ ይወስድበት ይሆንን?» ብለው ቢጠይቁ አይፈረድባቸውም። ነገሩ የቤተ ሰብን ጥሪትና የልጅን ዕድሜ የሚነካ ስለ ሆነ፤ በቸልታ የሚታለፍ አይደለም።

ሰው ሠራሽ አስተውሎት የተባለው መሣሪያ፤ ሰዎች የጻፉትን እጅግ ብዙ ጽሑፍና ፕሮግራም አጥንቶ፤ ተከታዩን ቃል እየገመተ የሚጽፍ ነው። ቻትጂፒቲ በኅዳር ወር 2015 ዓ.ም. ለሕዝብ ከተገለጠ ወዲህ፤ ለጀማሪ ይሰጥ የነበረውን ትንንሽ ሥራ እንዲህ ያለው መሣሪያ በጥቂት ደቂቃ ይጽፈዋል። የስታንፎርድ ዩኒቨርሲቲ ሊቃውንት በነሐሴ ወር 2017 ዓ.ም. ባወጡት ጥናት፤ በአሜሪካ አገር ዕድሜያቸው ከ22 እስከ 25 ዓመት የሆነ ፕሮግራም ሠሪዎች ቍጥር፤ ከፍ ብሎ ከነበረበት ከ2015 ዓ.ም. መጀመሪያ ወዲህ፤ ከመቶ 20 እጅ ያህል መቀነሱን ገለጡ። በዚያው ሙያ በዕድሜ የበሰሉት ግን እንዲህ ያለ ጕዳት አላገኛቸውም። ምክንያቱም ጀማሪ የያዘው ከመጽሐፍ የተማረውን ነው፤ መጽሐፉን ደግሞ መኪናው አንብቦታል። የበሰለው ሰው ግን በሥራ ብቻ የሚገኘውን ዕውቀት ይዟል።

ሆኖም መኪናው ይሳሳታል፤ ሲሳሳትም አያፍርም። የግብር መዝገብ ወይም የሕሙማን ካርድ የሚይዝ ፕሮግራም ቢበላሽ፤ ተጠያቂው ሰው ነው። የሚያርመው ባለሙያ ደግሞ ባንድ ቀን አይገኝም፤ «ቀስ በቀስ እንቁላል በግሩ ይሄዳል» እንደ ተባለ፤ ትናንት ጀማሪ የነበረው ነው። ስለዚህ መሥሪያ ቤት የሚመሩ ሹማምንት ወጪ ለመቀነስ ብለው ጀማሪውን መቅጠር ቢተዉ፤ የዛሬን ደመወዝ አትርፈው የነገን ባለሙያ ያጣሉ።

ወላጆችም ልጃቸውን ከትምህርቱ ማስወጣት አይገባቸውም። መንግሥት በሐምሌ ወር 2016 ዓ.ም. የጀመረው የአምስት ሚሊዮን ኮደሮች ትምህርት በነጻ ይሰጣል፤ ነገር ግን የምስክር ወረቀት ብቻውን እንጀራ አይሆንም። ልጁ ሒሳብን ጠንቅቆ ይማር፤ መኪናው የጻፈውን መርምሮ ማረምን ይልመድ። መሣሪያው ከእንግሊዝኛ ያገኘውን ያህል ጽሑፍ ከአማርኛም ከወላይትኛም አላገኘም። የወላይታን ገበሬ በቋንቋው ጠይቆ፤ የዝንጅብሉንና የቡናውን ገበያ አውቆ፤ ለዚያ የሚስማማ ፕሮግራም የሚሠራ ወጣት፤ መኪናውን ረዳቱ ያደርገዋል።