የተገኘ ሁሉ ተስማምቷል? የሐይቅ ዳርቻና የሕዝብ ምክክር

በ1980ዎቹ አጋማሽ የሕግ ተማሪ ሳለን፣ ፈተና ባለቀ ማግስት ድንኳንና ድስት ተሸክመን ላንጋኖ መውረድ ልማዳችን ነበር። ከአውቶቡሱ ዋናው መንገድ ላይ እንወርድና በግራሮቹ መካከል በእግራችን ተጉዘን ውሃው ዳር እንደርሳለን። ከብት የሚያጠጡ ልጆች ወተት ያመጡልናል፤ እኛም ዳቦ እናካፍላቸዋለን። ዳርቻው የማን እንደሆነ የጠየቀን ሰው አልነበረም። ለሁሉም ይበቃ ነበርና።

ከጥቂት ዓመታት በፊት ልጆቼን ይዤ በዚያው አቅጣጫ ብሄድ፣ የማውቀው የእግር መንገድ በአጥር ተዘግቶ አገኘሁት። አጥሩ ጥግ ከብቶቻቸውን ይዘው የቆሙ አንድ አዛውንት ነበሩ። “አባቴ፣ ከብቶቹ በየት በኩል ነው ውሃ የሚጠጡት?” አልኳቸው። በበትራቸው ሩቅ ቦታ አመለከቱኝ። “ሲታጠር አልጠየቋችሁም?” ስላቸው ትንሽ ዝም ብለው፣ “ስብሰባ ተጠርተን ነበር። ሄድን፣ ፈረምን። ለምን እንደፈረምን ግን የነገረን የለም” አሉኝ።

ይህ ጽሑፍ የሚያተኩረው በዚያች ፊርማ ላይ ነው።

የዳርቻው ባለጉዳዮች እነማን ናቸው?

የሐይቅ ዳርቻ እንደ አንድ የከተማ ቦታ በካርታና በቁጥር ለይተው የሚያስረክቡት ዓይነት መሬት አይደለም። ላንጋኖን እንውሰድ። ከአዲስ አበባ 200 ኪሎ ሜትር ገደማ ይርቃል። ከቢልሃርዚያ የጸዳ ነው ተብሎ ስለሚታመን ዋናተኛውም ድንኳን ተካዩም ይመርጠዋል። ለአካባቢው ከብት አርቢ ግን የከብት ማጠጫ፣ ለአሣ አስጋሪው የዕለት እንጀራ፣ ለሆቴል ባለቤቱ ደግሞ ገበያ ነው። ነገሩ በዚህም አያበቃም። የላንጋኖ ውሃ በሆራ ቀሎ ወንዝ አድርጎ ወደ አብያታ ሐይቅ ይወርዳል። አብያታ ደግሞ በብሔራዊ ፓርክ ክልል ውስጥ ያለ የአእዋፍ መናኸሪያ ሆኖ ሳለ፣ ለመስኖ በሚጠለፈው ውሃና በሶዳ አሽ ምርት ምክንያት እጅግ እየሸሸ የመጣ ሐይቅ ነው። እንግዲህ ላንጋኖ ዳር የሚወሰን ነገር ላንጋኖ ዳር ብቻ አይቀርም።

ቢሾፍቱ ብንሄድ ደግሞ ሌላ ገጽታ እናያለን። ሆራ አርሰዲ ለአዲስ አበባው ሰው የቅዳሜና እሑድ መዝናኛ ሊሆን ይችላል። ኢሬቻን ለሚያከብረው ሕዝብ ግን ፈጣሪውን የሚያመሰግንበት ሥፍራ ነው። አንድን ዳርቻ “መዝናኛ” ብሎ መሰየም ራሱ ከባለጉዳዮቹ ለአንዱ የሚያደላ ውሳኔ ነው። ምክክር የሚያስፈልገውም ስለዚህ ነው።

ሕጉ ምን ይላል?

ብዙ ሰው የሕዝብ ምክክር የባለሥልጣን በጎ ፈቃድ ይመስለዋል። አይደለም። በ1987 ዓ.ም. ሥራ ላይ የዋለው ሕገ መንግሥት በአንቀጽ 43/2፣ ዜጎች በልማት የመሳተፍ፣ በተለይም ማኅበረሰባቸውን በሚመለከቱ ፖሊሲዎችና ፕሮጀክቶች ላይ ሐሳባቸውን የመጠየቅ መብት እንዳላቸው ይደነግጋል። አንቀጽ 92 ደግሞ አካባቢን የሚነኩ ሥራዎች ሲታቀዱም ሲፈጸሙም የሚመለከተው ሕዝብ ሐሳቡን እንዲገልጽ ያዛል። እዚህ ላይ አንድ ልዩነት ልብ ይሏል። አንቀጽ 92 የሚገኘው ስለ ፖሊሲ መርሆዎችና ዓላማዎች በሚናገረው ምዕራፍ ውስጥ ሲሆን፣ አንቀጽ 43 ግን በመሠረታዊ መብቶች ምዕራፍ ውስጥ ነው። መርህ ነው ተብሎ ሊታለፍ የሚችል ነገር አይደለም ማለት ነው።

መሬትን በተመለከተም አንቀጽ 40/3 የመሬት ባለቤትነት የመንግሥትና የሕዝብ ነው ሲል፣ ንዑስ አንቀጽ 5 አርብቶ አደሮች ለግጦሽ የሚሆን መሬት በነፃ የማግኘትና ከመሬታቸው ያለመፈናቀል መብት እንዳላቸው ያስቀምጣል። መሬትን የሚያስተዳድሩት ክልሎች ናቸው (አንቀጽ 52/2/መ)። ማስተዳደር ግን በባለቤትነት መያዝ አይደለም።

በ1995 ዓ.ም. የወጣው የአካባቢ ተጽዕኖ ግምገማ አዋጅ ቁጥር 299 ነገሩን ይበልጥ ወደ ተግባር አውርዶታል። የጥናቱ ሪፖርት ለሕዝብ ክፍት እንዲሆን፣ አስተያየት እንዲሰበሰብና በተለይ ጉዳት ሊደርስበት የሚችለው ማኅበረሰብ አስተያየት በሪፖርቱ እንዲካተት ነበር የደነገገው። “እንዲካተት” የሚለው ቃል ይሰመርበት። ማዳመጥ ብቻውን አይበቃም ማለት ነው።

ስብሰባ ሌላ፣ ምክክር ሌላ

በአንድ ከተማ እንዲህ ያለ ስብሰባ ላይ በታዛቢነት ተገኝቼ አውቃለሁ። በሩ ላይ የስም መመዝገቢያ ወረቀት አለ፤ ሁሉም ይፈርማል። ከዚያ ሁለት ሰዓት ያህል ስለ ፕሮጀክቱ ጠቀሜታ ገለጻ ተደረገ። ለስላሳ ቀረበ። አንድ ሽማግሌ ስለ መንገድ ጠየቁ፤ አንዲት እናት ስለ ውሃ ጠየቁ። ሰብሳቢው “ጥያቄያችሁ ተይዟል” ብለው ስብሰባውን ዘጉ። በኋላ በወጣው ሪፖርት ላይ “ነዋሪዎች በፕሮጀክቱ ሙሉ በሙሉ መስማማታቸውን በፊርማቸው አረጋግጠዋል” ይላል። የተያዙት ጥያቄዎች የት እንደገቡ አይናገርም።

በሕግ ዓይን የመገኘት ፊርማ የሚያረጋግጠው አንድ ነገር ብቻ ነው፤ ሰውየው በዚያ ዕለት በዚያ አዳራሽ መገኘቱን። ስምምነት እንዲባል ሰውየው በምን ጉዳይ እንደሚስማማ ማወቅ፣ “አይሆንም” የማለት ዕድልም ማግኘት አለበት። የተወሰነ ነገር ማስታወቅ “ግንዛቤ ማስጨበጥ” ነው። ይህም የራሱ ጥቅም አለው፤ ምክክር ተብሎ ሲጠራ ግን ማታለል ይሆናል።

የኒውዚላንድ ልምድ

በኒውዚላንድ በባሕር ዳርቻ ያሉ ብዙ የድንኳን መትከያና የመዝናኛ ሥፍራዎች የሚተዳደሩት እ.ኤ.አ. በ1977 በወጣ ሕግ ነው። አስተዳዳሪው አካል የአስተዳደር ዕቅድ ሊያዘጋጅ ሲል፣ በውሳኔ ካላለፈው በቀር፣ ገና ምንም ሳይጽፍ ማሰቡን ለሕዝብ አስታውቆ ሐሳብ ይጠይቃል። ረቂቁን ከጻፈ በኋላ ደግሞ ከሁለት ወር ላላነሰ ጊዜ ለተቃውሞና ለአስተያየት ክፍት ያደርገዋል። ተቃዋሚው ቀርቦ የመሰማት ዕድል አለው። ዕቅዱ ለሚኒስትሩ ሲቀርብም የተቃውሞዎቹ ማጠቃለያና የትኛው ተቀባይነት እንዳገኘ፣ የትኛው እንዳላገኘ የሚገልጽ መግለጫ አብሮ ይቀርባል።

የዚህ ሕግ ቁምነገር የአገሩ ሀብት ላይ አይደለም። ወረቀት፣ ጊዜና መልስ የመስጠት ግዴታ ነው። ሦስቱም ከእኛ ወረዳ አቅም በላይ አይደሉም።

ታዲያ ምን ይደረግ?

በእኔ እምነት የሐይቅ ዳርቻን የሚመለከት ማንኛውም ምክክር ቢያንስ አምስት ነገሮችን ማሟላት አለበት።

አንደኛ፣ ካርታውና ረቂቁ ከስብሰባው ሳምንታት ቀደም ብሎ፣ ነዋሪው በሚናገረው ቋንቋ ይድረስ። ሁለተኛ፣ የተወሰነው ነገርና ገና ያልተወሰነው ተለይቶ ይነገር። ሦስተኛ፣ የሚጠሩት የቀበሌ ተመራጮች ብቻ አይሁኑ፤ ውሃ የሚቀዱት ሴቶች፣ እረኞች፣ አሣ አስጋሪዎችና ድንኳን ይዘው የሚመጡት እንግዶችም ይጠየቁ። አራተኛ፣ የመገኘት ፊርማና የስምምነት ፊርማ በተለያየ ወረቀት ላይ ይሁኑ። አምስተኛ፣ ለእያንዳንዱ ጥያቄ ተቀባይነት አግኝቷል ወይም አላገኘም የሚል መልስ ከነምክንያቱ ተጽፎ በቀበሌው ሰሌዳ ላይ ይለጠፍ።

የሚመከርበትም ነገር ሞልቷል። የከብት ማጠጫ መተላለፊያው የት ይሁን? ስንት ድንኳን ይበቃል? ማገዶ ከየት ይመጣል? እንግዳው ግራር እየቆረጠ እሳት ካነደደ በጥቂት ዓመታት ጥላም አይኖርም። ቆሻሻውን ማን ያነሳል? ከመግቢያ ክፍያው ለአካባቢው ስንቱ ይቀራል? እነዚህን ከእረኛው የተሻለ የሚያውቃቸው ባለሙያ ብዙ አይገኝም።

“ይህ ሁሉ ባለሀብቱን ያሸሻል፣ ሥራ ያጓትታል” የሚሉ ወገኖች አሉ። ስጋታቸው መሠረት የለውም አልልም። ሆቴሉ ለወጣቶች ሥራ ይከፍታል፤ መንገድም ያስገባል። ባለሀብቱን አብልጦ የሚያሸሸው ግን ከጎረቤቱ ጋር በጠብ የሚኖርበት አጥር ነው። ሁለት ወር ተመካክሮ የገባ ሰው ለዓመታት በሰላም ይሠራል። አበው “ሲሮጡ የታጠቁት ሲሮጡ ይፈታል” ያሉት ለዚህ ነው።

እኒያ አዛውንት ሆቴሉ ይፍረስ አላሉኝም። ስንለያይ የጠየቁኝ አንድ ነገር ብቻ ነበር፤ “ልጄ፣ ያ የፈረምነው ወረቀት አሁን የት ነው ያለው?” መልስ አልነበረኝም። መልሱ ያለው ፊርማውን የተቀበለው መሥሪያ ቤት ዘንድ ነው። ለፈረመው ሰው ወረቀቱን ማሳየት ግን የምክክር ሁሉ መጀመሪያ ይመስለኛል።