ተጨማሪው መድኃኒት መቼ ይጠቅማል? መቼስ ይጎዳል?

ከአፍንጫ በስተጀርባ፤ ከጉሮሮ በላይ ካለው ስፍራ የሚነሣ የካንሰር ዓይነት አለ። ስፍራው ከዓይን የተሰወረ ስለሆነ በሽታው ሳይታወቅ ይቆያል። ምልክቶቹም ቀላል ይመስላሉ፤ ይኸውም የማይለቅ የአፍንጫ መታፈን፤ ደም የቀላቀለ ንፍጥ፤ ያንድ ጆሮ መደንቆር፤ በአንገትም ላይ የሚወጣ ሕመም የሌለው እብጠት ነው። በአገራችን እንዲህ ያለ እብጠት ሲታይ አስቀድሞ የሚጠረጠረው ቲቢ ስለሆነ ምርመራው ሊዘገይ ይችላል።

በሽታው እጅግ የሚበዛው በደቡብ ቻይና ነው። ከርሱ ጋር የሚያያዘው ኤፕስታይን-ባር የተባለው ቫይረስ ግን መጀመሪያ የታየው እ.ኤ.አ. በ1964 ከኡጋንዳ ወደ ለንደን በተላከ የእባጭ ናሙና ውስጥ ነበር።

ስፍራው ከራስ ቅል ሥር በመሆኑ ዋናው ሕክምና ቀዶ ጥገና ሳይሆን ጨረር ነው። በሽታው ገና ሳይስፋፋ ከተደረሰበት ጨረሩ ብቻውን ይበቃል። የተስፋፋ እንደ ሆነ ግን ኬሞቴራፒ ይታከልበታል። እ.ኤ.አ. በ1998 በአሜሪካ በታተመ ጥናት ጨረር ብቻ ከተሰጣቸው ከመቶው 47፤ መድኃኒትም ከታከለላቸው 78 ሰዎች ከሦስት ዓመት በኋላ በሕይወት ተገኝተዋል።

እንግዲህ መድኃኒቱ ቢጨመር ጥቅሙም ይጨምራል ወይ? ሁልጊዜ አይደለም። እ.ኤ.አ. በ2012 በቻይና በ508 ሕመምተኞች ላይ የተደረገው ጥናት፤ መድኃኒትና ጨረር አብረው ከተሰጡ በኋላ ሲስፕላቲንና ፍሎሮዩራሲል ቢደገሙ ይህ ነው የሚባል ጥቅም እንዳልታየ አስረዳ። በ2019 ግን ከጨረሩ አስቀድሞ ጀምሲታቢንና ሲስፕላቲን ሦስት ዙር በመስጠት፤ በሽታው በሦስት ዓመት ውስጥ ያልተመለሰባቸው ከመቶ 76.5 ወደ 85.3 ከፍ አሉ። ብርቱ ጉዳት ያገኛቸውም ከ55.7 ወደ 75.7 አደጉ። ዘጠኝ ያህሉን ለማትረፍ ሃያው ተጨማሪ ሥቃይ ተቀበሉ ማለት ነው።

አንባቢ ሆይ፤ ይህ ሒሳብ የተሠራው ሆስፒታል ቅርብ ለሆነለት ሰው መሆኑን ልብ በል። ሲስፕላቲን ኩላሊትንና የመስማት ኃይልን ሊጎዳ ይችላል። ነጭ የደም ሕዋሳት ሲያንሱ የሚመጣ ትኩሳትም በጥቂት ሰዓት ውስጥ ካልታከመ ይገድላል። ከቦንጋ እስከ ጅማ ዩኒቨርሲቲ ሕክምና ማዕከል መቶ ኪሎ ሜትር ያህል፤ ለብዙ ዓመታት ጨረር ይገኝበት የነበረው ብቸኛ ስፍራ እስከ ጥቁር አንበሳ ሆስፒታል ደግሞ ከ400 ኪሎ ሜትር በላይ ነው። በጎጀብ ቆላ ትኩሳት የያዘው ሰው ሁሉ «ወባ ነው» ይላል። ኬሞቴራፒ የወሰደ ሰው ግን ቤቱ ተኝቶ ሳይጠብቅ በቦንጋ ወዳለው ገብረ ጻድቅ ሻዎ ሆስፒታል ፈጥኖ ሄዶ፤ «የካንሰር መድኃኒት ወስጃለሁ» ብሎ አስቀድሞ መናገር አለበት።

ስለዚህ ሕመምተኛውም ሆነ አስታማሚው ሐኪሙን ሊጠይቅ የሚገባው ይህን ነው፦ በሽታው የት ደርሷል? ተጨማሪው መድኃኒት ከጨረሩ በፊት ነው ወይስ በኋላ? ኩላሊቴና ጆሮዬ ተመርምረዋል? በሌሊት ትኩሳት ቢነሣብኝ ወዴት ልሂድ? ለመጨረሻው ጥያቄ መልስ ሳይገኝ መድኃኒቱን ተቀብሎ ወደ ሩቅ ገጠር መመለስ አደገኛ ነው።