ለእሽቅድምድም ሜዳ የሚሆን ሞተር ብስክሌት ስለ መምረጥ

ፈረስ የሚመረጠው በጋላቢው ችሎታ ልክ ነው እንጂ በመልኩና በዝናው አይደለም። የሞተር ብስክሌትም ነገር እንደዚሁ ነው።

በእንግሊዝ አገር በኬንት አውራጃ በሚገኘው በብራንድስ ሃች የእሽቅድምድም ሜዳ፤ መንዳት የሚወዱ ሰዎች ገንዘብ ከፍለው የሚነዱባቸው ቀኖች አሉ። ይህ ሽልማት ያለበት ውድድር አይደለም፤ ነጂዎቹም እንደ ችሎታቸው በየወገናቸው ተከፍለው በየተራ ይገባሉ።

ልጁ ለዚህ የሚሆን ሞተር ብስክሌት ግዛልኝ ብሎ የለመነው አባት እንዳለ፤ አስቀድሞ ይህን ልብ ይበል። ያማሃ አር 1 የተባለው 998 ሲሲ ሲሆን ወደ 200 የሚጠጋ የፈረስ ጉልበት አለው። ጀማሪ በመጠምዘዣው ላይ ሳለ ነዳጁን ጥቂት አብዝቶ ቢሰጠው የኋላው ጎማ አዳልጦ ሊጥለው ይችላል። እንደ አውሮፓ አቈጣጠር በ2018 ዓ.ም. ለገበያ የቀረበው ካዋሳኪ ኒንጃ 400 ግን 399 ሲሲ ነው፤ ጉልበቱም ከ50 የፈረስ ጉልበት በታች ስለ ሆነ የጀማሪን ስሕተት ይታገሣል። በእርሱ የሚማር ሰው በሞተሩ ኃይል ሳይመካ፤ ፍሬን አያያዝንና መጠምዘዣ አገባብን ጠንቅቆ ያውቃል።

ያገለገለ ሲገዙም ፍሬኑን፤ ጎማውንና ሰንሰለቱን በባለሙያ ማስመርመር ይገባል። ደግሞም ገንዘቡን ሁሉ በሞተር ብስክሌቱ ላይ ማዋል አይገባም፤ ለራስ ቁር፤ ለቆዳ ልብስ፤ ለጓንትና ለቡት ጫማ የሚሆነውን አስቀድሞ መለየት ያስፈልጋል።

ሞተር ብስክሌት ቢሰበር ይጠገናል፤ ባይጠገንም በሌላ ይተካል። የልጅ ሕይወት ግን ምትክ የላትም።