የድንጋይ ቀለም የለበሰው ጸሐፌ ተውኔት

በአየርላንድ ዋና ከተማ በደብሊን፣ ሜሪየን ስኩዌር በሚባለው መናፈሻ ሰሜን ምዕራብ ጥግ፣ አንድ ሰው ትልቅ ቋጥኝ ላይ ዘና ብሎ ጋደም ብሏል። ኮቱ አረንጓዴ፣ ኮሌታውና የእጅጌው ጫፍ ሮዝ፣ ሱሪው ወደ ሰማያዊ የሚያደላ፣ ጫማው ጥቁር ነው። ይህ የከተማዋ ልጅ፣ ጸሐፌ ተውኔቱ ኦስካር ዋይልድ ነው።

ሐውልቱ ከሩቅ ሲያዩት ቀለም የተቀባ ይመስላል፤ ነገር ግን ቀለሙ የድንጋዩ የራሱ ነው። ቀራጺው ዳኒ ኦዝቦርን ለእያንዳንዱ ልብስ የሚስማማውን ድንጋይ ከያለበት አሰባስቦ ጠረበ። ጄድ የሚባለው የኮቱ አረንጓዴ ድንጋይ ከካናዳ፣ የኮሌታው ሮዝ ድንጋይና የሱሪው ግራናይት ከኖርዌይ፣ የጫማው ጥቁር ድንጋይ ደግሞ ከህንድ የመጡ ናቸው። ነጩ የኳርትዝ ቋጥኝ ግን ከዚያው ከአየርላንድ፣ ከዊክሎው ተራሮች የተገኘ ነው። መጀመሪያ ከፖርሰሊን የተሠራው ጭንቅላት ስለተሰነጣጠቀ፣ በኋላ በነጭ ጄድ ተተክቷል። በአለባበሱ ዝነኛ ለነበረ ሰው ከዚህ የተሻለ ማስታወሻ ማሰብ ይከብዳል።

ጠጋ ብሎ ፊቱን ያስተዋለ ሌላም ነገር ያያል። አንዱ ወገን ፈገግ ብሏል፤ ሌላው አዝኗል።

ሕይወቱም እንዲሁ ነበር። እ.ኤ.አ. በ1895 መጀመሪያ ሁለት ተውኔቶቹ በለንደን መድረኮች በአንድ ሰሞን ይታዩ ነበር። በዚያው ዓመት ከወንዶች ጋር በነበረው ግንኙነት ተከስሶ፣ ሁለት ዓመት እስራት ከከባድ የጉልበት ሥራ ጋር ተፈረደበት። ስሙም ከቲያትር ማስታወቂያዎች ላይ ተነሣ። ከእስር ሲፈታ እንግሊዝን ለቆ ወጣ፤ በ1900 በ46 ዓመቱ ፓሪስ ውስጥ በችግር ላይ እንዳለ አረፈ።

ሐውልቱ ብቻውን አይደለም። ከፊት ለፊቱ በሁለት ዓምዶች ላይ ትንንሽ የነሐስ ምስሎች ቆመዋል። አንዷ ነፍሰ ጡር ሆና የተቀረጸችው ባለቤቱ ኮንስታንስ ናት፤ ሌላው የግሪኮች የወይንና የቲያትር አምላክ ዲዮናይሰስ ነው። በዓምዶቹ ላይ የዋይልድ አባባሎች በተለያዩ ሰዎች የእጅ ጽሑፍ ተቀርጸዋል።

ቦታውም በዘፈቀደ የተመረጠ አይደለም። ከመንገዱ ማዶ የሚታየው ቁጥር 1 ቤት ዋይልድ ያደገበት ነው። ሐውልቱ እ.ኤ.አ. በ1997 ሲመረቅ መጋረጃውን የገለጠው የልጅ ልጁ መርሊን ሆላንድ ነበር።

ደብሊን የሚኖርም ሆነ በዚያ የሚያልፍ አንባቢ ፎቶ አንስቶ ብቻ አይመለስ። ቋጥኙን ዞሮ ሁለቱንም የፊቱን ገጽ ይይ፤ ከዚያም መንገዱን ተሻግሮ ቤቱን ይጎብኝ።