ስለ አውቶሞቢል ጎማ አመራረጥ፤ በደሴና በኮምቦልቻ መካከል ለሚመላለሱ ቤተ ሰቦች

ቤተ ሰብ አውቶሞቢል በሚገዛበት ጊዜ ሁሉም የሚመለከተው ቀለሙን፥ ወንበሩንና የሞተሩን ብርታት ነው። ጎማውን ግን አርጅቶ እስኪላጥ ድረስ ልብ የሚለው ጥቂት ሰው ነው። ነገሩን ስንመረምረው አውቶሞቢል ከምድር ጋራ የሚገናኘው በአራት ስፍራ ብቻ ነው፤ የእያንዳንዱም ስፍራ ስፋት ከሰው መዳፍ እምብዛም አይበልጥም። ሞተሩ የሚገፋው፥ ፍሬኑ የሚያቆመው፥ መሪውም የሚያዞረው በእነዚህ አራት መዳፎች አማካይነት ነው። አባትና እናት ልጆቻቸውን ከኋላ አስቀምጠው ሲጓዙ የሁሉም ሕይወት በዚሁ ላይ የተንጠለጠለ ስለ ሆነ፥ የጎማ ነገር ለሾፌርና ለጎሚስታ ብቻ የሚተው ሳይሆን የቤተ ሰብ ጉዳይ መሆኑን ልናመለክት እንወዳለን።

ይህንንም ምክር በተለይ ለደሴና ለኮምቦልቻ ሰዎች የምናቀርብበት ምክንያት አለን። ደሴ በጦሳ ተራራ ሥር በ2,500 ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ የተቆረቆረች የደጋ ከተማ ናት። ኮምቦልቻ ግን 25 ኪሎ ሜትር ያህል ርቃ፥ ከደሴ 600 ሜትር ያህል ዝቅ ብላ በወይና ደጋ ትገኛለች። በመካከላቸው ያለው የሐረጎ ቁልቁለት ጠመዝማዛ ነው፤ በክረምት ዝናብና ጉም ይበዛበታል። ወደ ባቲና ወደ ሚሌ፥ ከዚያም ወደ ጅቡቲ ወደብ የሚወስደው መንገድ ከኮምቦልቻ ስለሚነሣ፥ በአካባቢው ከባድ የጭነት መኪና አይታጣም። በአንዱ ከተማ እያደረ በሌላው የሚሠራም ሰው አለ። ስለዚህ የዚህ ሰው የመስክ መኪና ለጭቃና ለድንጋይ የተሠራ ቢመስልም ዕድሜውን የሚጨርሰው በአስፋልት ላይ ነው። እንግዲህ ጎማ የሚለውጥ ሰው ሊመለከታቸው የሚገቡትን ነገሮች በተራ እንዘረዝራለን።

1ኛ፤ ስለ ጎማው ዓይነት። ለመስክ መኪና የሚሸጡት ጎማዎች በሦስት ይከፈላሉ። ኤች ቲ የሚባለው ለአውራ ጎዳና፥ ኤም ቲ የሚባለው ለጭቃ፥ ኤ ቲ የሚባለው ደግሞ ለሁለቱም መካከለኛ ሆኖ የተሠራ ነው። የጭቃው ጎማ ጥርሱ ትልልቅና የተራራቀ ስለ ሆነ ሲያዩት ኃይለኛ ይመስላል፤ ብዙ ሰውም በመልኩ ተማርኮ ይገዛዋል። ነገር ግን ትልልቁ ጥርስ በአስፋልት ላይ የሚያሳርፈው ገላ ጥቂት ስለ ሆነ፥ መንገዱ በዝናብ ሲረጥብ መኪናው በፍሬን የሚቆመው ርቆ ነው፤ ከዚህም በላይ ይጮኻል፥ ነዳጅም ያባክናል። ዘወትር ከደሴ ኮምቦልቻ፥ አልፎ አልፎም እስከ አዲስ አበባ ለሚጓዝ ቤተ ሰብ የሚስማማው ኤች ቲ ነው። ዘመድ ለመጠየቅ ወይም ለሥራ በየጊዜው ከአስፋልት ወጥቶ ወደ ገጠር የሚዘልቅ ሰው ኤ ቲ ቢመርጥ አይነቀፍም። በዓመት ሁለት ቀን ለሚያገኘው ጭቃ ብሎ የዓመቱን ሙሉ ጉዞ የሚጎዳ ግን ራሱን ይበድላል።

2ኛ፤ ስለ ልኩና ስለሚሸከመው ክብደት። በጎማው ጎን ላይ ለምሳሌ 265/65 አር 17፥ ቀጥሎም 112 ኤስ የሚል ይጻፋል። 265 የጎማው ስፋት በሚሊ ሜትር ነው፤ 65 የጎኑ ቁመት ከስፋቱ በመቶ ስንት እንደ ሆነ ያመለክታል፤ አር የሚለው ፊደል ራዲያል የተባለው አሠራር ነው፤ 17 ደግሞ የቸርኬው ልክ በኢንች ነው። 112 ማለት አንዱ ጎማ 1,120 ኪሎ ግራም ሊሸከም ይችላል ማለት ነው፤ ኤስ የሚለውም በሰዓት እስከ 180 ኪሎ ሜትር መቻሉን ያስታውቃል። ቤተ ሰብና ዕቃ የሚጭን ሰው፥ የመኪናው ሠሪ ካዘዘው ያነሰ የክብደት ቁጥር ያለውን ጎማ በርካሽ አገኘሁ ብሎ ሊገጥም አይገባውም። ከአቅሙ በላይ የተጫነ ጎማ ይግላል፤ ሙቀት ደግሞ የጎማ ዋና ጠላት ነው፤ ይልቁንም ከኮምቦልቻ ወደ አፋር ቆላ ለሚወርድ ሰው።

3ኛ፤ ስለ ዕድሜው። ከሁሉ ይልቅ አንባብያን ልብ እንዲሉት የምንፈልገው ይህንን ነው። ጎማ ምንም እንኳ አንድ ቀን ሳይነዳ በሱቅ ቢቀመጥ፥ ከጊዜ ብዛት ላስቲኩ ይደርቃል፥ ይሰነጠቃልም። በጎኑ ላይ ዲ፥ ኦ፥ ቲ ከሚሉት የላቲን ፊደላት ቀጥሎ ያለው ጽሑፍ በአራት አኃዞች ሲጨርስ፥ ሁለቱ የተሠራበትን ሳምንት፥ ሁለቱ ዓመቱን ያመለክታሉ። ዓመቱ ግን የተጻፈው በአውሮፓውያን አቆጣጠር ነው። እንግዲህ በ2018 ዓ.ም. ጎማ ሊገዛ የሄደ ሰው 2018 የሚል አኃዝ ቢያይ፥ ዘንድሮ የተሠራ መስሎት ደስ ይለው ይሆናል። ትርጓሜው ግን በአውሮፓውያን 2018 በ20ኛው ሳምንት ተሠራ ማለት ነው፤ ይኸውም በእኛ አቆጣጠር በግንቦት 2010 ዓ.ም. ነው። አዲስ ነው ያለው ጎማ ከሰባት ዓመት በላይ የቆየ ሆኖ ተገኘ! ብዙ የጎማ ሠሪዎች ከተሠራ 10 ዓመት ያለፈውን ጎማ፥ ጥርሱ ባያልቅም እንኳ፥ እንዲለወጥ ይመክራሉ፤ አንዳንድ የአውቶሞቢል ሠሪዎችም ስድስት ዓመትን ወሰን ያደርጋሉ። አሮጌ ጎማም ጥቁር ቀለም ሲቀባ አዲስ ይመስላል። ጠርጥር፥ ከገንፎ ውስጥም አይጠፋም ስንጥር እንደ ተባለ፥ ገዢው ገንዘቡን ከመክፈሉ በፊት የአራቱንም፥ የስኮርቱንም ጎማ አኃዝ ጐንበስ ብሎ ያንብብ።

4ኛ፤ ስለ ዋጋው። የቤትን ገንዘብ የምታስተዳድር እመቤት ርካሹን ብትመርጥ አያስደንቅም፤ ነገር ግን የጎማ ርካሽነት የሚታወቀው በሚሄደው ኪሎ ሜትር ነው። አንዱ ጎማ 30,000፥ ሁለተኛው 60,000 ኪሎ ሜትር የሚሄድ ቢሆን፥ የሁለተኛው ዋጋ የፊተኛውን አንድ ጊዜ ተኩል ቢሆን እንኳ ትርፉ ከሁለተኛው ነው። ከደሴ ኮምቦልቻ ደርሶ መልስ 50 ኪሎ ሜትር በዓመት 300 ቀን የሚመላለስ ሰው 15,000 ኪሎ ሜትር ይሄዳል፤ እንግዲህ የመጀመሪያው ጎማ ለሁለት ዓመት፥ ሁለተኛው ለአራት ዓመት ይበቃዋል።

5ኛ፤ ስለ አገጣጠሙና ስለ ነፋሱ። ሁለት ጎማ ብቻ የሚለውጥ ሰው አዲሶቹን በኋላ እግር ያስገጥም፤ በእርጥብ ቁልቁለት የኋላው እግር ከከዳ መኪናው ዞሮ ለመመለስ ያስቸግራልና። አራቱም እግሮቹ ዘወትር በሞተር የሚገፉ መኪና ግን የአራቱ ጎማ ልክ ከተለያየ ማርሹ ስለሚጎዳ፥ አራቱን በአንድነት መለወጥ ይሻላል። የነፋሱ መጠን በሾፌሩ በር አጠገብ በተለጠፈው ጽሑፍ ይገኛል፤ በጎማው ጎን የተጻፈው ግን ጎማው የሚችለው የመጨረሻው ልክ እንጂ የሚነፋበት መጠን አይደለም። ነፋሱም የሚለካው ጠዋት፥ መኪናው ሳይንቀሳቀስ ነው። ቁልቁለቱን ወርዶ ኮምቦልቻ የደረሰ ሾፌር፥ ጎማው ስለ ጋለ መለኪያው ከፍ ቢልበት ነፋስ አያስተንፍስ፤ ሲበርድ ጎድሎ ይገኛልና።

በመጨረሻም ሲሮጡ የታጠቁት ሲሮጡ ይፈታል ይባላል። ጎማው በመንገድ ፈንድቶበት በችኮላ የሚገዛ ሰው መምረጫ ጊዜ የለውም። ስለዚህ ክረምቱ ሳይገባ፥ በግንቦት ወር፥ የጎማችሁን ጥርስ መርምሩ። በጥርሱ መካከል ያሉት ትንንሽ ምልክቶች ከጥርሱ ጋራ እኩል ሆነው ከታዩ የቀረው 1.6 ሚሊ ሜትር ብቻ ስለ ሆነ ጎማው አልቋል፤ ውሃውን ገፍቶ አስፋልቱን ሊጨብጥ አይችልም። ለደኅነት የሚያስብ ሰው ግን ሦስት ሚሊ ሜትር ሲቀረው ይለውጣል። በሐረጎ ጥምዝ ላይ፥ ዝናብ ሲወርድና ሕፃናት ከኋላ ሲያንቀላፉ፥ ዛሬ በሱቅ ደጃፍ ለማንበብ የፈጀባችሁ ጥቂት ደቂቃ ያን ጊዜ ዋጋው ይታወቃል።