ያውቁ ኖሯል? «ባክሻክ» የተነሣው ከእውነተኛ ወንጀል ነው

• በሂንዲ ቋንቋ የተሠራው «ባክሻክ» የተሰኘው ፊልም በኔትፍሊክስ ለዕይታ የበቃው በፌብሩዋሪ 2024 ነው (ዓመታቱ በሙሉ እ.ኤ.አ. ናቸው)። ዳይሬክተሩ ፑልኪት፣ የሠራው ድርጅት ደግሞ የተዋናዩ ሻሩክ ካን ሬድ ቺሊስ ነው።

• ቡሚ ፔድኔካር የምትጫወታት ቫይሻሊ የአነስተኛ ዜና ጣቢያ ጋዜጠኛ ናት። በመጠለያ ስም ተዘግቶባቸው የሚደፈሩ ልጃገረዶችን ጉዳይ ይዛ ከባለሥልጣናት ጋር ትፋለማለች።

• የታሪኩ መነሻ በሕንድ ቢሃር ግዛት፣ በሙዛፋርፑር ከተማ የነበረ የሴት ልጆች መጠለያ ነው። ቤቱ የሚተዳደረው ከመንግሥት በሚያገኘው ገንዘብ ነበር።

• ምስጢሩን መጀመሪያ ያወጡት የታታ ማኅበራዊ ሳይንስ ተቋም ባለሙያዎች ናቸው። የግዛቷን መጠለያዎች ሲፈትሹ ነዋሪዎቹን ራሳቸውን አነጋገሩ፤ ያገኙትንም በ2018 ለመንግሥት አቀረቡ። ከዚያ በኋላ የተደረገው ምርመራ ከ30 በላይ ልጃገረዶች ጥቃት እንደደረሰባቸው አረጋገጠ።

• የሕንድ ጠቅላይ ፍርድ ቤት በ2019 ክሱ ከቢሃር ወጥቶ በዴልሂ እንዲታይ አዘዘ። በጃንዋሪ 2020 ዐሥራ ዘጠኝ ሰዎች ጥፋተኛ ተባሉ፤ ከነዚህም መካከል የመጠለያው ኃላፊና ሴት ሠራተኞች ይገኛሉ። ዋናው ጥፋተኛ እስከ ዕድሜው ፍጻሜ እንዲታሰር ተፈረደበት።

ልብ ይበሉ፦ የመጠለያን ደኅንነት የሚያረጋግጠው የግቢው ንጽሕና ወይም የመዝገቡ መሟላት ብቻ አይደለም። ልጆቹ ያለ አሳዳሪዎቻቸው ሊደመጡ ይገባል።