አውቶክሌቭ በዋግ ከፍታ

ዕትብት የሚቆረጥበት መቀስ ትናንት የት እንደነበረ የምትጠይቅ ወላድ የለችም። በዋግ ኽምራ ዞን ከተከዜ አቅጣጫ ካሉት የዝቋላ ወረዳ ቆላ ቀበሌዎች በቃሬዛ ወደ ፅፅቃ የመጣች፣ ወይም በሰቆጣው ተፈራ ኃይሉ መታሰቢያ ሆስፒታል ኦፕራሲዮን የምትጠብቅ እናት ሐሳቧ ብዙ ነው። ደም ይገኝ ይሆን? ቤት የቀሩትን ልጆች ማን ያበላቸው ይሆን? የመቀሱን ነገር ለሌላ ሰው ትታዋለች። ያ ሌላ ሰው ብዙ ጊዜ ከማዋለጃው ጀርባ ባለች ጠባብ ክፍል ውስጥ፣ ሽርጥ አስሮና ወፍራም ጓንት አጥልቆ፣ ከአንድ ማሽን ጋር የሚውል ሠራተኛ ነው። ማሽኑ አውቶክሌቭ ይባላል። በሽታ ከአንዱ ታካሚ ወደ ሌላው እንዳይሻገር ጤና ተቋም ውስጥ ከሚደክሙት ነገሮች ሁሉ እንደሱ የተዘነጋ ያለ አይመስለኝም። በዋግ ኽምራ ከፍታ ላይ ደግሞ የራሱ ጠባይ አለውና ቀረብ ብለን እንየው።

በጤና ጣቢያ ደረጃ የሚገኘው አውቶክሌቭ ወፍራም የብረት ድስት ነው። ክዳኑ በብሎን ይጠብቃል፤ በክዳኑና በድስቱ መካከል እንፋሎት የሚይዝ ጎሚኒ አለ። ከላይ የግፊት መለኪያ፣ አየር ማስወጫ ቫልቭ፣ ግፊቱ ከልክ ሲያልፍ ራሱ የሚከፈት የደኅንነት ቫልቭ ተገጥሞለታል። ከታች ውሃ ይጨመራል፤ በኤሌክትሪክ ወይም በምድጃ ይፈላል። በትልልቅ ሆስፒታሎች ያለው ከሰው ቁመት የሚበልጥ፣ የራሱ ቧንቧና ፓምፕ ያለው ነው። የሁሉም ሥራ አንድ ነው፤ እንፋሎትን አፍኖ፣ ከተራ የፈላ ውሃ በላይ አግሎ፣ በመሣሪያና በጨርቅ ላይ ያለን ሕይወት ያለው ጥቃቅን ነገር ሁሉ መግደል፤ ይህ ማምከን ይባላል።

ሐሳቡ ከወጥ ቤት የመጣ ነው። ፈረንሳዊው ዴኒ ፓፒን እ.ኤ.አ. በ1679 አጥንት የሚያለሰልስ፣ በጥብቅ የሚዘጋ ድስት ሠራ። ልክ ከ200 ዓመት በኋላ፣ በ1879፣ የሉዊ ፓስተር ረዳት ሻርል ሻምበርላን ያንኑ ሐሳብ ወደ ቤተ ሙከራ አስገባው። ፓስተርና ባልደረቦቹ የቸገራቸው ነገር ነበር፤ አንዳንድ ባክቴሪያ ተቀቅሎም አይሞትም።

ነገሩ እንዲህ ነው። አብዛኛው ባክቴሪያና ቫይረስ በፈላ ውሃ ይሞታል። የተወሰኑ የባክቴሪያ ዓይነቶች ግን ችግር ሲገጥማቸው ስፖር ወደሚባል ሁኔታ ይለወጣሉ። ጠንካራ ልባስ ለብሰው፣ ሳይበሉና ሳይራቡ፣ አፈር ውስጥ ለዓመታት ይቆያሉ። መንጋጋ ቆልፍን የሚያመጣው ባክቴሪያ ከነዚህ አንዱ ነው። ከብትና ፍየል በሚያረባ አገር ሁሉ የሚታወቀው አባ ሰንጋም እንዲሁ። የመንጋጋ ቆልፍ ስፖር በእንስሳት ፋንድያና በአፈር ውስጥ ስላለ፣ በየጓሮው አለ ማለት ይቻላል። ንጹሕ ባልሆነ ምላጭ በተቆረጠ ዕትብት በኩል ገብቶ ስንት ሕፃን በተወለደ በሳምንቱ እንደቀጠፈ አያቶቻችን ያውቃሉ። ኢትዮጵያ የእናቶችና የጨቅላ ሕፃናትን መንጋጋ ቆልፍ የኅብረተሰብ ጤና ችግር ከመሆን ደረጃ ያወረደችው እ.ኤ.አ. በ2017 ነው፤ ክትባቱ፣ በጤና ተቋም መውለዱና ንጹሕ መቀሱ ተጋግዘው ያመጡት ውጤት ነው። ስፖሩ ግን ከአፈሩ አልወጣም፤ ጥንቃቄው በላላበት ቦታ ይመለሳል።

አሁን ወደ ከፍታው እንምጣ። ውሃ በባሕር ወለል በ100 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ይፈላል። ሰቆጣ ከባሕር ወለል ከ2,200 ሜትር በላይ ከፍ ያለች ከተማ ናት፤ እዚያ አየሩ ስስ ስለሆነ ውሃው 92 ወይም 93 ዲግሪ ላይ ሲደርስ መንተክተክ ይጀምራል። ክዳኑ ክፍት እስከሆነ ድረስ እሳቱ ቢጨመርም ሙቀቱ ከዚያ አያልፍም። በከፍታ የሚኖር ሰው ሽንብራ ሲቀቅል የሚያጠፋውን እንጨት ያውቃል፤ ምክንያቱ ይኸው ነው። ስለዚህ መሣሪያ ቀቅሎ መጠቀም ሌላ አማራጭ ሲጠፋ የሚደረግ ነገር ነው፤ ስፖር አይገድልም።

አውቶክሌቩ ክዳኑን ጠርቅሞ ግፊት በመፍጠር ይህን ይሻገራል። በየጤና ተቋሙ የሚሠራበት ደንብ እንፋሎቱ 121 ዲግሪ እንዲደርስ፣ ከደረሰ በኋላ ያልተጠቀለለ መሣሪያ 20 ደቂቃ፣ በጨርቅ የተጠቀለለ 30 ደቂቃ እንዲቆይ ነው። በብዙ መመሪያና በብዙ ማሽን ላይ 121 ዲግሪን የሚወክለው የግፊት ቁጥር 15 ፒኤስአይ (ፓውንድ በካሬ ኢንች) አካባቢ ነው። ሠራተኛው ቀስቱ 15 ላይ ሲደርስ ሰዓቱን ያያል፣ 30 ደቂቃ ይቆጥራል፣ ያጠፋል።

ችግሩ ያ ቁጥር ለባሕር ዳርቻ የተሰላ መሆኑ ነው። መለኪያው የሚያሳየው በማሽኑ ውስጥ ያለው ግፊት ከውጭው አየር በስንት እንደሚበልጥ ነው። ሰቆጣ ላይ የውጭው አየር ግፊት ከባሕር ወለሉ በሩብ ገደማ ያንሳል። ስለዚህ ቀስቱ 15 ሲል የውስጡ እንፋሎት 121 ዲግሪ አልደረሰም፤ 117 አካባቢ ነው። አራት ዲግሪ ትንሽ ትመስላለች። ነገር ግን እንፋሎት ስፖርን የሚገድልበት ፍጥነት ሙቀቱ በ10 ዲግሪ ሲቀንስ በአሥር እጥፍ ይቀንሳል፤ በአራት ዲግሪ ቅናሽ ያው ሥራ ከሁለት እጥፍ ተኩል ያላነሰ ጊዜ ይፈልጋል። ለ30 ደቂቃ የታሰበው ከ70 ደቂቃ በላይ ይሆናል ማለት ነው። ሰቆጣ ላይ 121 ዲግሪ ለማግኘት ቀስቱ ወደ 18 ተኩል መድረስ አለበት።

ዋግን ልዩ የሚያደርገው ደግሞ ቁጥሩ በዞኑ ውስጥ እንኳ አንድ አለመሆኑ ነው። የተከዜ ግድብ ሐይቅ ዳርቻ ከባሕር ወለል 1,140 ሜትር ገደማ ነው፤ እዚያ የሚቆም ማሽን 17 ፒኤስአይ ይበቃዋል። ከተከዜ ቆላ ወደ ሰቆጣ ስንወጣ በየመንገዱ ያሉት ጤና ጣቢያዎች እያንዳንዳቸው የየራሳቸው ትክክለኛ ቁጥር አላቸው። ሙቀትን በቀጥታ የሚለኩ አዳዲስ ማሽኖች ይህን ጣጣ ራሳቸው ይፈቱታል። በግፊት ቀስት ብቻ የሚነዱት ግን አይችሉም። እዚህ ላይ አንድ ጥብቅ ማሳሰቢያ፦ ግፊቱን በራስ ሥልጣን መጨመር አደገኛ ነው። የማሽኑ አካልና የደኅንነት ቫልቩ እስከ ስንት እንደሚችሉ ባዮሜዲካል ባለሙያ ሳያይ አይነካም፤ የማይችል ከሆነ መፍትሔው ጊዜውን ማራዘም ነው።

ሌላው ስውር ጠላት አየር ነው። ማሞቅ ሲጀመር በማሽኑ ውስጥ ተራ አየር አለ። ቫልቩ ተከፍቶ እንፋሎቱ በደንብ እስኪጎርፍ ካልተጠበቀና አየሩ እዚያው ከታፈነ፣ ግፊቱ ይወጣል፣ ሙቀቱ ይቀራል። በባሕር ወለል እንኳ ቀስቱ 15 ሲያሳይ አየሩ በግማሽ ብቻ ከወጣ ሙቀቱ 112 ዲግሪ፣ ምንም ካልወጣ 100 ዲግሪ ላይ ይቀራል። ቀስቱን ብቻ የሚያምን ሰው ልዩነቱን አያየውም።

ወደዚያች ጠባብ ክፍል ልመልሳችሁ። ከማዋለጃ የመጣው ሳፋ ውስጥ ሁለት ክላምፕ፣ አንድ የዕትብት መቀስ፣ አንድ መርፌ መያዣና አንድ ፎርሴፕስ አለ። ሠራተኛው መቀሱን ይከፍታል፤ ሁለቱ ስለቶች የሚጋጠሙባትን ብሎን በብሩሽ፣ ውሃ ውስጥ እንዳጠለቀ፣ ይፈትጋል። ውሃው ውስጥ ማጥለቁ ደም የነካው ጠብታ ወደ ዓይኑ እንዳይረጭ ነው። በብሎኗ ሥር ስንጥር የምታህል የደረቀ ደም ከቀረች እንፋሎቱ አይደርስባትም፤ ደሙ ራሱ ለባክቴሪያው ጋሻ ይሆነዋል። ለዚህ ነው በዚህ ሥራ ማጠብ ከማምከን የሚቀድመው። ለረጅም ጊዜ በአገራችን መሣሪያው ከመታጠቡ በፊት በ0.5 በመቶ በረኪና ውስጥ ለ10 ደቂቃ ይነከር ነበር፤ አምስት በመቶ የሆነውን በረኪና አንድ እጅ በዘጠኝ እጅ ውሃ በመበጥበጥ። የዓለም ጤና ድርጅት የቅርብ መመሪያዎች ይህን ቅድመ ንክር አይደግፉም፤ በረኪናው ብረቱን ይበላል፣ ደሙም የበረኪናውን ኃይል ያደክመዋል። የተሻለው ወዲያው፣ ደሙ ሳይደርቅ፣ በሳሙናና በብሩሽ ማጠብ ነው።

የታጠበው ይደርቃል፤ መቀሱ አፉን እንደከፈተ በድርብ ጥጥ ጨርቅ ይጠቀለላል። ጥቅሉ ላይ ቀለም የሚቀይር ፕላስተር ይለጠፍና ቀኑ ይጻፍበታል። ጥቅሎቹ ማሽኑ ውስጥ ሳይጨናነቁ በጎናቸው ይደረደራሉ፤ የታጨቀ ማሽን መሐሉ ሳይመክን ይወጣል። የፕላስተሩ መስመር መጥቆሩ ጥቅሉ ማሽን ውስጥ ገብቶ መሞቁን ይናገራል፤ በትክክለኛው ሙቀትና ጊዜ መምከኑን አይመሰክርም። ለዚያ በጥቅሉ ውስጥ የሚገባ ጠቋሚ ወረቀት አለ፤ ከሁሉ የላቀው ማስረጃ ደግሞ ሙቀት የሚችል ሕያው ስፖር የያዘች ጠርሙስ አብሮ ማስገባትና ሞቶ እንደሆነ ማየት ነው። በመጨረሻም ጥቅሉ ሳይደርቅ ከወጣ ድካሙ ሁሉ ከንቱ ይሆናል፤ በእርጥብ ጨርቅ ውስጥ ባክቴሪያ ከውጭ ወደ ውስጥ ይዘልቃል። መብራት መሐል ላይ ከጠፋም ቆጠራው እንደገና ከዜሮ ይጀመራል። ተረኛው ስንት ወላድ እየጠበቀው ይህን ሕግ ማክበር ምን ያህል ከባድ እንደሆነ እረዳለሁ፤ ሕጉ ግን አይታለፍም።

ይህ ሁሉ ለምን? የዓለም ጤና ድርጅት እ.ኤ.አ. በ2022 ባወጣው ሪፖርት፣ በዝቅተኛና መካከለኛ ገቢ አገሮች ሆስፒታል ከሚተኙ 100 ታካሚዎች 15ቱ እዚያው ሳሉ ቢያንስ አንድ ኢንፌክሽን ይይዛቸዋል። በሀብታም አገሮች ይህ ቁጥር 7 ነው። ከተያዙት በአማካይ ከአሥሩ አንዱ ይሞታል። እንግዲህ ለመዳን በመጣበት ቦታ የሚታመም ሰው ማለት ነው። ኢግናዝ ዜምልቫይስ እ.ኤ.አ. በ1847 በቪየና ሐኪሞች እጃቸውን በክሎሪን ውሃ እንዲታጠቡ ባደረገ ጊዜ፣ በአንድ ማዋለጃ ክፍል ከመቶ 18 የነበረው የእናቶች ሞት በጥቂት ወራት ወደ 2 ወረደ። ከዚያ ወዲህ ያለው ትምህርት ሁሉ የዚያው ቅጥያ ነው፦ እጅ መታጠብ፣ ጓንት፣ ስለታም ነገርን በደኅንነት ሣጥን መጣል፣ ተላላፊውን ቆሻሻ በቢጫ፣ ሌላውን በጥቁር ባልዲ መለየት፣ ሳል ያለበትን ታካሚ አየር ወዳለበት ማውጣት። ሠራተኛውም ይጠበቅ። የሄፐታይተስ ቢ በሽተኛ ደም ባለበት መርፌ የተወጋ ያልተከተበ ሰው እስከ ከመቶ 30 የመያዝ ዕድል አለው፤ በኤችአይቪ ይህ ከሺህ 3 ነው። ክትባቱ ለሐኪሙ ብቻ ሳይሆን መሣሪያ ለሚያጥበውና ቆሻሻ ለሚያነሳውም ይድረስ።

በአገራችን ጤና ሚኒስቴር እ.ኤ.አ. በ2014 ንጹሕና ደኅንነቱ የተጠበቀ ጤና ተቋም የሚለውን፣ ባለሙያዎች ካሽ ብለው የሚጠሩትን ንቅናቄ ጀምሯል። መልካም ሥራ ነው። ነገር ግን የታጠበ ወለልና የተቀባ ግድግዳ ለጎብኚ ይታያሉ፤ የማምከኛ ክፍሉ ግን አይታይም፣ ለጉብኝትም አያምርም። ዋግ ኽምራ ደግሞ በድርቅና በውሃ እጥረት ላይ ጦርነት የተጨመረበት አካባቢ ነው፤ ከ2013 ዓ.ም. ማብቂያ ጀምሮ በነበረው ጦርነት የዞኑ ጤና ተቋማት ተዘርፈዋል፣ ተጎድተዋል። ማሽን ሲተካ ማሽኑ ብቻ ይተካል፤ ጎሚኒው ሲያረጅ የሚቀይረው፣ መለኪያው ሲዛባ የሚያስተካክለው፣ ቁጥሩን ለከፍታው የሚያሰላው ሰው አብሮ አይመጣም።

ስለዚህ በዞኑም በየወረዳውም ላላችሁ ኃላፊዎች የምለምነው ይህን ነው። በእያንዳንዱ አውቶክሌቭ አጠገብ ግድግዳው ላይ ሦስት ነገር ይጻፍ፦ ተቋሙ ከባሕር ወለል ስንት ሜትር ከፍ እንደሚል፣ ለዚያ ከፍታ የሚገባው የግፊት ቁጥርና የደቂቃው ብዛት። ከፍታውን ጂፒኤስ ያለው ስልክ ይነግራችኋል፤ ስሌቱ ለባዮሜዲካል ባለሙያ የአንድ ከሰዓት ሥራ ነው። ጠቋሚ ወረቀትና መለዋወጫ ጎሚኒ በዓመቱ ግዢ ውስጥ ይግቡ። አንባቢ ሆይ፣ አንተም ሚስትህን ወይም እኅትህን ለወሊድ ስታደርስ የመሣሪያው ጥቅል ደረቅና ያልተከፈተ መሆኑን፣ መስመሩ መጥቆሩን፣ ቀን እንዳለበት በትሕትና ጠይቅ። አዋላጇ ብትጠየቅ አትቀየምም።